‹‹ብሩ ገብቷል›› የሚል ገዢ ሲመጣ

ያገለገለ የቤት ዕቃ በስልክ አስተዋውቆ ለሚሸጥና ለሚያሻሽጥ

የመንግሥት ሠራተኛ የሚበዛባት የደብረ ታቦር ከተማ ነዋሪዎቿ በየጊዜው ይለዋወጣሉ። መምህሩ ከዩኒቨርሲቲው ለትምህርት ይሄዳል፤ የባንክ ሠራተኛው ቅርንጫፍ ይቀየራል፤ ሐኪሙ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይዛወራል። አንዱ በሄደ ቁጥር የአልጋውና የቁም ሣጥኑ፣ የፍሪጁና የምጣዱ ጉዳይ ይነሳል። ባሕር ዳር አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቁም ሣጥን ጭኖ ይህን ያህል መንገድ መሄድ ለኪስም ለቁም ሣጥኑም አይበጅም። ስለዚህ ይሸጣል።

ቀድሞ አሻሻጩ ጎረቤት ወይም የሰፈር ደላላ ነበር፤ ሲብስም በየበሩ እየጮኸ የሚዞረው ቆራሌው። ቆራሌው ዋጋ ይሰብራል እንጂ ሳይከፍል አይሄድም፤ ብሩን ቆጥሮ ካስረከበ በኋላ ነው ዕቃውን የሚሸከመው። ዛሬ ግን ሻጩ ፎቶግራፍ አንስቶ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ይለጥፋል፤ የስልክ ቁጥሩን ያስቀምጣል፤ ከዚያ የማያውቀው ሰው ይደውልለታል። ዋጋው ቆራሌው ከሚሰጠው በብዙ ይሻላል። ችግሩ ደዋዩ ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ደግሞ ዛሬ የትርፍ ጊዜ ገንዘብ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና የልብስ ማጠቢያ ዋጋው ሽቅብ ሲወጣ ያገለገለውንም አብሮ ይዞት ወጥቷል። ለአንድ ደመወዝተኛ ቤተሰብ አንድ ደህና ፍሪጅ የብዙ ወራት ቁጠባ ነው። ይህን አጭበርባሪውም ጠንቅቆ ያውቃል።

ፍሪጁ ቁልቁል ይወርዳል

የደቡብ ጎንደር የዕቃ ገበያ አንድ የራሱ ጠባይ አለው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የጉና ጎረቤት ናት። ብርዱ ራሱ ወጥ ስለሚያቆይ ፍሪጅ የግድ የማይሆንበት ቤት ብዙ ነው። ወረታና ባሕር ዳር ግን ሞቃት ናቸው። በመሆኑም የደብረ ታቦር ፍሪጅ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ቁልቁል ሲወርድ ነው፤ በተለይም የፎገራ ሩዝ ተወቅቶ ገንዘብ በገበሬው እጅ በሚገባበት ወቅት። ሶፋና አልጋ በአንጻሩ ሽቅብ ወደ ክምር ድንጋይና ንፋስ መውጫ፣ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ገዢ ያገኛል።

ውጤቱ ሻጭና ገዢ የማይተያዩበት ንግድ ነው። በመካከላቸው የሚቆመው የአይሱዙ ሾፌር ነው። ሾፌሩ አብዛኛውን ጊዜ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም፤ ‹‹ከዚህ ቤት ፍሪጅ ጫን›› ተብሎ፣ የጭነት ዋጋ ተነግሮት ይመጣል። አጭበርባሪው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ እሱ ራሱ ሳይታይ ዕቃው እንዲጫንለት።

በሐሙሲት ወይም በአርብ ገበያ (ሁለቱም ስማቸውን የወሰዱት ከገበያ ቀናቸው ነው) በሬ የሚሸጥ ገበሬ እንዲህ ያለ ነገር አይሞክርም። እማኝ ያቆማል፤ ገዢውን ካላወቀው ‹‹የሚያውቅህ ሰው ጥራ›› ይላል፤ ብሩን ቆጥሮ ሳይጨርስ የበሬውን ገመድ ከእጁ አይለቅም። የተማረው ከተሜ ግን አርባ ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ በስልክ ላይ በመጣ ሁለት መስመር ጽሑፍ አምኖ ሲያስጭን ይታያል። በዚህ ረገድ ከተሜው ከገበሬው የሚማረው ብዙ ነው።

የሁለት መስመር ጽሑፍ

በአገራችን የሞባይል ክፍያ የተስፋፋው በተለይ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊትም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብርና የሞባይል ባንኪንግ ነበሩት፤ በኋላም ኤምፔሳ ተጨመረ። ለዕቃ ሻጭ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የአርባ ሺህ ብር ጥቅል ይዞ መንገድ መሄድ ቀርቷል። ከእፎይታው ጋር ግን ‹‹ብሩ ገብቷል›› የምትለው ቃል መጣች።

አካሄዱ የሚከተለውን ይመስላል። ገዢው በስልክ ጨዋ ነው። ‹‹ጋሼ፣ ዋጋው ላይ አልከራከርዎትም፤ ብቻ ዕቃው እንዳያመልጠኝ›› ይላል። የተጠራለትን ዋጋ ሳይከራከር እሺ የሚል ገዢ በደብረ ታቦርም ሆነ በመርካቶ ብርቅ በመሆኑ ሻጩ ደስታውን ለጥቂት ጊዜ ቢያቆየው ይመረጣል። ቀጥሎ ገዢው የሂሳብ ቁጥር ይጠይቃል፤ ይነገረዋል። ከአፍታ በኋላ መልእክት ይገባል፤ ‹‹ሂሳብዎ 38,000 ብር ገቢ ሆኖበታል›› የሚል። ሾፌሩ በር ላይ ቆሟል፤ ገዢው ይደውላል፤ ‹‹ብሩ ገብቷል አይደል? ሾፌሩ ወረታ ሳይመሽበት እንዲደርስ ቶሎ ያስጭኑለት።›› ሻጩ መልእክቱን ያያል፤ ያስጭናል። ማታ ሂሳቡን ሲመለከት ያው የጠዋቱ ሂሳብ ነው።

መልእክቱን የጻፈው ባንኩ ሳይሆን ገዢው ራሱ ነበር። የባንኩን አጻጻፍ ቃል በቃል ገልብጦ ብር ብቻ ቀይሮ ከራሱ ስልክ መላክ ለማንም ሰው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ በፎቶግራፍ የሚላክ ‹‹ደረሰኝ›› ነው። የባንኩን ምልክትና ቀለም የያዘ፣ ስምና ቁጥር የተሞላበት፣ ለዓይን የማያንስ ወረቀት ይታያል። ደረሰኝን በኮምፒዩተር ማስመሰል ብር ከማስመሰል እጅግ የቀለለ ሥራ መሆኑን ሻጭ ሊያውቅ ይገባል።

ለማጣራት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ የንግድ ባንክ መልእክት ደግሞ ‹‹ሲቢኢ›› ከሚል ስም ነው እንጂ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የግለሰብ ቁጥር አይደለም። የንግድ ባንክ የዝውውር መለያ ቁጥር ‹‹ኤፍቲ›› በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፤ ከነሱ በኋላ ያሉት አምስት አሃዞች ቀኑን ይናገራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የፈረንጁ ዓመት መጨረሻ ናቸው፤ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ከፈረንጅ አዲስ ዓመት ጀምሮ ስንተኛው ቀን መሆኑን ያሳያሉ። ለምሳሌ 25032 ማለት የ2025 32ኛው ቀን ነው፤ በእኛ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.። ይህን ቁጥር የያዘ ደረሰኝ በሰኔ ይዞ ‹‹አሁን ላክሁ›› የሚል ገዢ የድሮ ደረሰኝ አድሶ መምጣቱን በራሱ ወረቀት መሰከረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ምልክት ማወቅ ሌባን ለመያዝ እንጂ ገንዘብ መግባቱን ለማረጋገጥ አይበቃም። ጠንቃቃ አጭበርባሪ ቁጥሩንም አስተካክሎ ሊጽፍ ይችላል። ገንዘብ ለመግባቱ ማስረጃው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሻጩ በራሱ ስልክ፣ በራሱ እጅ የሚያየው የራሱ ሂሳብ ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም ይህ ይቻላል። በንግድ ባንክ *889#፣ በቴሌብር *127# ደውሎ ቀሪ ሂሳብን ማየት ነው። ከሽያጩ በፊት የነበረውን ሂሳብ በወረቀት ጽፎ መያዝ አይከፋም፤ በጥድፊያ ሰዓት ሰው የራሱን ሂሳብ ይረሳል። የሚስጥር ቁጥሩን ሲጫኑ ገዢው ወይም ሾፌሩ ትከሻ ላይ እንዳይቆም መጠንቀቅም ደግ ነው።

እዚህ ላይ የአካባቢው ሁኔታ ራሱ ለአጭበርባሪ ሰበብ ያቀብለዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። መብራት ሲጠፋም ኔትወርክ ይዳከማል። ‹‹እኔ ልኬያለሁ፤ ኔትወርክ ነው ያዘገየው›› የሚለው ንግግር እውነት የሚመስለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ አንዳንዴም እውነት ይሆናል። ሐቀኛው ገዢ ግን ኔትወርኩ እስኪመለስ ይጠብቃል። ከባንክ ወደ ባንክ የተላከ ገንዘብ አልፎ አልፎ ሊዘገይ ይችላል፤ በዘገየበት ሰዓት ዕቃውም አብሮ ይዘግይ። ለሾፌሩ የማስጠበቂያ ጥቂት መቶ ብር መክፈል ካስፈለገ ሻጩ ቢከፍል እንኳ አልተጎዳም።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ተንኮል አለ። በ24,000 ብር ፋንታ 42,000 ብር ‹‹በስህተት›› መላኩን የሚገልጽ መልእክት ይመጣል፤ ወዲያው ገዢው እየተርበተበተ ይደውላል፤ ‹‹ወንድሜ፣ የሰው ብር ነው፣ 18,000ውን መልስልኝ።›› ሻጩ ራርቶ ይመልሳል። የመለሰው ከራሱ ኪስ ነው፤ የመጣ ነገር አልነበረምና። ‹‹ገንዘቡን ለመቀበል አሁን የሚደርስዎትን ቁጥር ይንገሩኝ›› የሚል ገዢም እንደዚሁ ነው። ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም፤ ቁጥር የሚጠየቀው ገንዘብ ሲወጣ ወይም የሰው ቴሌግራም በሌላ ስልክ ሲከፈት ነው።

እውነተኛ ብር፣ የተሳሳተ ሰው

ከሁሉም የሚከብደው ብሩ በእርግጥ የሚገባበት ማጭበርበር ነው። ይህን ብዙ ሻጮች አያውቁትም፤ ደላሎችም ሳያውቁ መሣሪያ ይሆናሉ።

ሦስት ሰዎች አሉ እንበል። አንደኛው በደብረ ታቦር ፍሪጁን በ40,000 ብር ለመሸጥ ያስተዋወቀ ሐቀኛ ሻጭ ነው። ሁለተኛው ባሕር ዳር የሚኖር፣ ቴሌቪዥን የሚፈልግ ሐቀኛ ገዢ ነው። ሦስተኛው በመካከል ያለው አጭበርባሪ ነው። አጭበርባሪው የሌለውን ቴሌቪዥን በ40,000 ብር ያስተዋውቃል። ባሕር ዳር ያለው ሰው ይስማማል። አጭበርባሪው ለደብረ ታቦሩ ሻጭ ደውሎ ‹‹ፍሪጁን እገዛለሁ፤ የሂሳብ ቁጥርዎን ይላኩልኝ›› ይላል። የተሰጠውን የሂሳብ ቁጥር ‹‹የኔ ነው›› ወይም ‹‹የባለቤቴ ነው›› ብሎ ለባሕር ዳሩ ሰው ያስተላልፋል። ያ ሰው 40,000 ብር ይልካል። የደብረ ታቦሩ ሻጭ ሂሳቡን ያጣራል፤ ገንዘቡ እውነትም ገብቷል። ፍሪጁን ለተላከው አይሱዙ ያስረክባል። አጭበርባሪው ፍሪጁን መንገድ ላይ ይቀበልና ስልኩን ይዘጋል።

የባሕር ዳሩ ሰው ቴሌቪዥኑን ሲጠብቅ ውሎ ሲያድር ወደ ፖሊስ ይሄዳል። በእጁ ያለው ማስረጃ አንድ ነው፤ የደብረ ታቦሩ ሻጭ ስምና የሂሳብ ቁጥር። ሻጩ ማንንም ያላታለለ ሰው ሆኖ ሳለ ለምርመራ ይጠራል፤ ሂሳቡም ሊታገድ ይችላል። ፍሪጅ መሸጡን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት ከሌለው ነገሩን ማስረዳት ቀላል አይሆንለትም።

በባንክ የሚሄድ ገንዘብ ዱካው እንደማይጠፋ አገር ያየው መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰው ብልሽት ጊዜ ነው። ባንኩ እንዳስታወቀው በዚያ ሌሊት ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ ወጥቶ ወይም ተላልፎ ነበር፤ ከወሳጆቹ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ሊነጋ ሲል የተሰለፈው ሁሉ ማንነቱ ታውቆ ገንዘቡን እንዲመልስ ተጠየቀ፤ ያልመለሱትንም ባንኩ ስማቸውን ይፋ አደረገ። ያ ሌላ ዓይነት ጉዳይ ነው። ለዕቃ ሻጭ የሚጠቅመው ግን ዱካው ከሌባው ይልቅ በራሱ ስም ላይ ሊቆም እንደሚችል ማወቁ ነው።

መከላከያው ከባድ አይደለም። የንግድ ባንክም የቴሌብርም መልእክት የላኪውን ስም ይጽፋል። ያ ስም በስልክ ከተደራደረው ገዢ ስም ጋር አንድ ካልሆነ ሥራው ይቁም። ‹‹የከፈለልኝ ወንድሜ ነው›› ከተባለ ወንድምየው ራሱ ይደውል፤ ምን እንደተገዛም ሳይነገረው ራሱ ይናገር። ‹‹ቴሌቪዥን›› ካለ ነገሩ ታወቀ። ከዚህ በተጨማሪ ዕቃ ተቀባዩ ማንም ይሁን ማን መታወቂያው ታይቶ፣ የዕቃው ዓይነትና ተከታታይ ቁጥሩ፣ የተከፈለው ብርና የላኪው ስም በሁለት ቅጂ ተጽፎ መፈራረም ያስፈልጋል። የሾፌሩ ስምና የሰሌዳ ቁጥሩም አይቅር። ቅን ሾፌር በዚህ አይከፋም፤ የሚከፋ ካለ ዕቃውን ባይጭን ይሻላል።

ደላላን በሚመለከት አንድ ነገር መባል አለበት። ገንዘብ በደላላ ሂሳብ ማለፍ የለበትም። ከገዢ ወደ ሻጭ በቀጥታ ይሄዳል፤ ኮሚሽን ከዚያ በኋላ ለብቻው ይከፈላል። በሂሳቡ የሰው ገንዘብ የሚያሳልፍ ደላላ ጨዋ ቢሆን እንኳ ከላይ የተገለጸው ዓይነት ነገር ሲፈጠር ቀድሞ የሚያዘው እሱ ነው። ስለዚህ ይህ ደንብ ለደላላውም ጋሻው ነው።

ቀብድ የማን ነው?

ቀብድ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሕጉን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ባሉት አንቀጾች ቀብድ መቀበል ውል ለመደረጉ ማስረጃ እንደሚሆን ይደነግጋል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ውሉን ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 3,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ነገ የተሻለ ዋጋ አግኝቶ ለሌላ ቢሸጥ የሚመልሰው 6,000 ብር ነው።

ተንኮለኛ ገዢ በዚህ ይጫወታል። ሻጩ የሚሄድበትን ቀን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ትንሽ ቀብድ ያስይዛል፤ ይጠፋል። ሻጩ ሌሎቹን ገዢዎች ‹‹ተሸጧል›› ብሎ ይመልሳል። የመሄጃው ቀን ዋዜማ ገዢው ብቅ ይልና በሩን ከፍቶ ዘግቶ፣ ጎማውን ነካክቶ ‹‹ይኸ እኮ ተሸራርፏል፤ 8,000 ብር ካልቀነሱልኝ አይሆንም›› ይላል። የጭነት መኪና የተከራየ፣ ቤት የለቀቀ ሰው ምን ያደርጋል? ይቀንሳል። ይህ ለወንጀል አይደርስም፤ ሐቅ ግን አይደለም።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀብዱን በጽሑፍ ማድረግና ቀን መቁረጥ ነው። ‹‹ቀሪውን እስከ ቅዳሜ ቀን 6 ሰዓት ያልከፈለ ገዢ ቀብዱን አጥቷል፤ ሻጩም ለሌላ መሸጥ ይችላል፤ ገዢው ዕቃውን አይቶ ፈቅዷል›› የሚል አንድ አረፍተ ነገር ይበቃል። ቀብዱም ለመተው የሚያሳሳ መሆን አለበት፤ ለአርባ ሺህ ብር ዕቃ 500 ብር ቀብድ ወረፋ መያዣ እንጂ ቀብድ አይባልም።

ሌላው ወጥመድ ሻጩ ራሱ የሚጽፈው መልስ ነው። የቀብድ መልእክት ሲመጣ ሂሳቡን ሳያይ ‹‹ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ›› ብሎ በቴሌግራም የሚመልስ ሰው አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው አድርጓል። ‹‹ደርሶኛል›› የምትለው ቃል ነገ ‹‹ቀብድ ሰጥቼው ለሌላ ሸጠብኝ፣ እጥፉን ይመልስ›› ለሚል ተከራካሪ ማስረጃ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ጨዋነት ከማጣራት በኋላ ይምጣ።

ሄዶ የተመለሰ ዕቃ

ዕቃ ገዝቶ ከሳምንት በኋላ ‹‹አይሠራም›› ብሎ የሚመልስ ገዢ ሁልጊዜ ሐሰተኛ አይደለም። የደብረ ታቦር–ወረታ መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ተጋድሞ የተጫነ ፍሪጅ ደርሶ ወዲያው መሰኪያ ላይ ከተሰካ ሊበላሽ ይችላል። ጥቂት ሰዓት ቆሞ ዘይቱ መረጋጋት አለበት። ይህን ለገዢው አስቀድሞ የሚነግር ሻጭ ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናል።

ሐሰተኛው ግን የሚመልሰው ሌላ ዕቃ ነው። የፍሪጁን ሞተር አውጥቶ የተቃጠለ ሞተር ይገጥምበታል፤ ወይም ደህናውን ቴሌቪዥን አስቀርቶ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ሞዴሉ ተመሳሳይ የሆነ ይዞ ይመጣል። መከላከያው ከሽያጩ በፊት የሚነሳ ፎቶግራፍ ነው። የጀርባው ተከታታይ ቁጥር፣ የሞተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ማንም የማያስተውለው አንድ ጭረት ይነሳ። ዕቃው በገዢው ወይም በወኪሉ ፊት ተሰክቶ ሲሠራ በቪዲዮ ይቀረጽ። ያለውን ጉድለት መደበቅም አያዋጣም። ገዢው አውቆት ለተቀበለው ጉድለት ሻጭ በኋላ እንደማይጠየቅ በሕጉ የታወቀ ስለሆነ ጉድለቱን በወረቀቱ ላይ ያሰፈረ ሻጭ ራሱን ጠቀመ።

በጥሬ ብር የሚከፍል ገዢም አለ፤ በገጠሩ በኩል አሁንም ይበዛል። አዲሶቹ የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች፣ አዲስ የወጣው ባለ 200 ብርም፣ ይፋ የሆኑት መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ከዓላማዎቹ አንዱ ሐሰተኛ ብር መከላከል ነበር። ያም ሆኖ ሲመሽ፣ በችኮላ፣ በጥቅል የሚሰጥ ባለ 200 ብር ሲመጣ በጥርጣሬ ማየት ይገባል። ከፍ ያለ ገንዘብ ከሆነ ገዢና ሻጭ አብረው ባንክ ሄደው በሻጩ ሂሳብ ማስገባት ነው፤ ቆጣሪውም አጣሪውም ባንኩ ይሆናል። ባንክ በተዘጋበት ሰዓት ካልሆነ አልገዛም የሚል ሰው ይቅር። ስለ ቼክ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ለአልጋና ለምጣድ ቼክ አይወሰድም። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ ቢሆንም የጻፈውን ሰው ፈልጎ ማግኘት የሻጩ ጣጣ ነው።

ከተታለሉ በኋላ

ዕቃው ከሄደ በኋላ ዋጋ ያለው ሰዓቱ ነው። ከደብረ ታቦር የወጣ አይሱዙ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ወረታ መገናኛው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ወደ ጎንደር ነው። የሰሌዳ ቁጥርና የሾፌር ስልክ የያዘ ሻጭ ሾፌሩን ደውሎ ማስቆም ይችላል፤ ቀደም ሲል እንደተባለው ሾፌሩ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ሰው ነውና ነገሩን ሲሰማ የሚተባበር ነው። ይህ ካልሆነ ዕቃው ለሌላ ሰው ተሸጦ ያድራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1161 የሚንቀሳቀስ ዕቃን በቅን ልቦና፣ ዋጋ ከፍሎ የተረከበን ሰው ባለቤት ስለሚያደርገው ፍሪጁ በሦስተኛ ሰው ሳሎን ከተገኘ በኋላ ‹‹የኔ ነው›› ብሎ ማስመለስ አስቸጋሪ ክርክር ይሆናል።

ከራሱ ሂሳብ ገንዘብ የወጣበት ወይም የሚስጥር ቁጥሩን የተናገረ ሰው ከፖሊስ በፊት ወደ ባንኩ ይደውል። የንግድ ባንክ የጥሪ ማዕከል 951፣ የቴሌብር 127 ነው። ገንዘቡ ከተላከበት ሂሳብ ሳይወጣ ከተደረሰበት የማሳገድ ዕድል አለ፤ ከወጣ በኋላ ያለው ዕድል የፖሊስ ብቻ ነው።

ለፖሊስ የሚቀርበው አቤቱታ ባዶ እጅ መሆን የለበትም። ሐሰተኛው መልእክት ከስልኩ ሳይጠፋ፣ የተደወለበት ቁጥር፣ የቴሌግራሙ ንግግር፣ የሂሳቡ መግለጫ ከባንክ ታትሞ፣ የዕቃው ፎቶግራፍና የርክክብ ወረቀቱ ተያይዘው ይቅረቡ። ብዙ ሰው በንዴት ንግግሩን ያጠፋዋል ወይም ገዢውን በስድብ ያባርረዋል፤ ሁለቱም ማስረጃ ማቃጠል ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አታላይነትን በቀላል እስራት ወይም እንደ ሁኔታው እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ ያስቀጣል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸምን የማስመሰልና የማታለል ድርጊት ለብቻው ወንጀል አድርጎታል፤ ሐሰተኛ ደረሰኝ ያቀረበን ገዢ በሚመለከት መርማሪው የትኛውን እንደሚጠቅስ የሚወስነው ከማስረጃው ዓይነት ነው።

በአካባቢው ሰው ዘንድ ነገር በሽማግሌ መጨረስ የቆየ ልማድ ነው። ገዢው የእስቴ ወይም የጋይንት ሰው መሆኑ ከታወቀ፣ ዘመድና ደብር ካለው፣ ሽምግልና ከፍርድ ቤት ቀድሞ ብር ሊያስመልስ ይችላል። ሽማግሌ ሊላክበት የማይችለው ግን ስሙም ሰፈሩም ያልታወቀ የስልክ ቁጥር ነው። ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች ስለ ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት ‹‹ከየት ነው የሚደውሉት? እዚህ ማን ያውቅዎታል?›› ብለው የሚጠይቁት። ሐቀኛ ገዢ ሁለት ሰው ይጠራል፤ ሌላው ስልኩን ይዘጋል፤ ሻጩም ለሚቀጥለው ደዋይ ፎቶግራፉን ይልካል።